የእማዬ ደምና የሳጉሬው ድንኳን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት
ዛሬም ከት/ቤት ቀረሁ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ነኝ፤ አንቺ ደብተሬ ጭኔ ላይ። እማዬ አልነቃችም። የኩላሊቷ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቶ ግፊቷን ጥሎታል፤ መድኃኒቱም አላነሳው። ዶ/ሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ አለኝ፦ ደሟን በማሽን አውጥቶ፣ መርዙን በማጣሪያ አስቀርቶ፣ መልሶ ማስገባት። መድኃኒቱ አይቋረጥም። ያድናታል ብዬ አልምልም አለ። ወንድሜ ታዬ እንቢ፣ ደሟን አታስነኩ አለ። ታላቅ እኔ ነኝ። አድርጉ አልኩ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት
ደሟ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ በሌላው ይገባል። ዞሮ ዞሮ ከቤት። የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ አልጽፈውም! ታዬ አንዴ አይቶ ሮጦ ወጣ። ወደ አገራችን ሳጉሬ ደውሎ አለቀሰ፤ የእናቴ ደም ውጭ ነው ብሎ።

ሐሙስ፣ ጠዋት
ጉድ! ኦቦ ገመቹ፣ የሳጉሬው ዕድራችን ዳኛ፣ ደሙ ውጭ የሆነ ሰው ምን ነፍስ አለው ብለው ድንኳን አስተክለዋል። ጥሩምባ ተነፍቷል። ንፍሮ ተቀቅሏል። ኧረ እየተነፈሰች ነው ብዬ ስልክ ላይ ጮህኩ። እሳቸውም፣ ታዲያ ንፍሮውን ምን እናድርገው አሉኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ነርሷ ተቆጣችኝ። ግፊቷ እኮ እየወጣ ነው! የግፊት መድኃኒቱን ቀነሱላት።

ቅዳሜ
ነቃች!!! የመተንፈሻ ቱቦው ከጉሮሮዋ ወጣ። የድንኳኑን ነገር አወራኋት። ሻካራ በሆነ ድምፅ መጀመሪያ የጠየቀችው ማን ቀረ የሚል ነው። ማንም። በአጥር ጉዳይ ያኮረፈቻት ጎረቤታችን ወ/ሮ አስካለ እንኳ ደረቷን ስትደቃ ነበር አልኳት። እሰይ፣ ታረቅኳት አለች።
ዶ/ሩን ማጣሪያው አዳነልኝ ስለው፣ ማጣሪያው ይሁን መድኃኒቱ ወይ ሁለቱም፣ ለይቼ አላውቅም አለኝ። እኔ ሁሉንም መረቅኩ፤ ማሽኑን ጭምር።

እሑድ፣ ኅዳር 28
ነገ እንወጣለን! እማዬ ወስናለች፦ ድንኳኑ እንደገና ይተከል፣ ለቅሶዬን ራሴ እደርሳለሁ። ኦቦ ገመቹ በደስታ እሺ ብለዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ አንቺስ አለቀስሽልኝ አለችኝ። አላለቀስኩም አልኳት። እውነቴን ነው። ካለቀስኩ የምትሞት መስሎኝ ነበር። ጨካኝ ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ያማል፣ እንዴት ደስ ይላል! አሁን መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ነው የምጽፍልሽ። መጣብኝ፤ ያ ሁሉ ቀን የያዝኩት። እሷም በሩን እያንኳኳች ነው፣ በእግሯ መጥታ፣ ምን ሆንሽ ልጄ እያለች። ፊደሉ አይታየኝም፣ ልክፈትላት።