የእትዬ ድንቄ ዋርካ

ኅዳር ፲፩፣ ረፋድ።
ዛሬም የወባ ኪኒን ዋጥኩ። ጆሮዬ ይጮኻል። የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ ብዙም አልጎዳኝም። የጣሊያን አስተርጓሚ ከሆንኩ ወዲህ ሮቢት ውስጥ የምትቀርበኝ የካፒቴኑ በቅሎ ብቻ ናት፤ እሷም ገብስ ስይዝ። አንተ ግን አለህ፣ ደብተሬ።

ኅዳር ፲፪።
እትዬ ድንቄን አሰሯቸው። አልቃሽ ናቸው። ትናንት በአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ያወረዱትን ሙሾ ጆሮ ጠቢ ጽፎ አመጣ፦

ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያለው ትልቅ ዋርካ፣
ቅጠሉ ሲረግፍ ጥላው አልተነካ።

ካፒቴኑ፣ ዋርካው የትኛው የሽፍታ አለቃ ነው ይላል። ቅጠሉስ ስንት ጠመንጃ ነው? ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት የተቀመጥኩት ለዚህ ኖሯል። ነገ እመልሳለሁ አልኩ።

ኅዳር ፲፫፣ ቀትር።
ትርጉም ሞልቶኝ ነበር። ዋርካው ሟቹ፣ ቅጠሉ ዕድሜው፣ ጥላው ልጆቹ። ያምር ነበር። ግን ልጆቹ የት አሉ ቢልስ? ቆርጬ ተናገርኩ፦ ዋርካው ዋርካ ነው። አልቃሽ ሟች ያርፍበት የነበረውን ዛፍ ትጠራለች፤ ልማድ ነው፤ ዛፉም ማዶ ቆሟል። ካፒቴኑ ደስ አለው። ፈታቸው። ሰው አተረፍኩ። ለራሴ ሸንኮራ ገዛሁ።

ኅዳር ፲፬፣ ዘጠኝ ሰዓት።
እትዬ ድንቄ ደጄ መጡ። ሊያመሰግኑ መስሎኝ መቀመጫ ጠረግሁ። አልተቀመጡም።
«ምነው ጌታው፣ ዋርካው ሟቹ ነው ቢሉልኝ ምን ነበረበት?»
አርበኛው ልጃቸው እግሩን በጥይት ተመትቶ እዚያ ዛፍ ሥር ተኝቷል። እሳቸው ሙሾውን ያወረዱት፣ ጓዶቹ ለቅሶው ላይ ሰምተው መጥተው እንዲያነሱት ነበር። ጓዶቹ አልመጡም፤ ጆሮ ጠቢው መጣ።
ያልነገርኳቸው አለ። ካፒቴኑ ዛሬ ጠዋት፣ ዛፍ ከሆነማ እንየው ብሏል። ወታደሮቹ ነገ ማለዳ ይሻገራሉ። እሳቸው ደግሞ መሻገር አይችሉም፤ የሚከተላቸው አንድ ባንዳ አጥሬ ሥር ቆሟል።

ዐሥራ አንድ ሰዓት።
እኔን የሚከተለኝ የለም። የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ብቸኝነት እንዲህ ይጠቅማል ብዬ አላውቅም ነበር። በቅሎዋን ውሃ ላጠጣ ብዬ አስፈቀድኩ። ቁስለኛ መሸከም ትችላለች። ገብስ ይዣለሁ፣ ኪኒንም። አንተን ጣራው ሣር ውስጥ ልሸጉጥህ ነው፤ አትቀየመኝ።
ዋርካው ከደጄ ይታያል። ቅጠሉ እንኳ አልረገፈም፤ ሙሾ ነዋ። ጥላው ግን ገና አልተነካም፤ ልድረስ።