የወይዘሮ ውብአለም ተክለ ማርያም ሕይወትና የመጨረሻ ትምህርታቸው

ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ውብአለም ተክለ ማርያም በ1957 ዓ.ም. ደሴ ከተማ፣ ሸዋ በር፣ ከልብስ ሰፊው ከአቶ ተክለ ማርያም ወልዴና ከወይዘሮ ዘነበች ይመር ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ደሴ አጠናቀቁ። በሒሳብ ብርቱ ስለነበሩ ሐሳባቸው መምህር መሆን ነበር፤ ዘመኑ ግን አልፈቀደላቸውም። በሱዳን በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1988 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ገቡ።

መጀመሪያ ያረፉት ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ነበር። ቀን የሆቴል ክፍል እያጸዱ፣ ማታ ኮሌጅ ገብተው የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከአቶ ዘርይሁን ካሳዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ እዚያው ቶሮንቶ ሬክስዴል ሰፈር ጎጆ ወጡ፤ አንዲት ልጃቸውን ሆሣዕናንም አፈሩ።

ለረጅም ዘመን የሠሩት የሆስፒታል ነርሶችን የሥራ ፈረቃ የሚያወጣ ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ኮድ መጻፍ ያስተምሩ ነበር። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ የእርሳቸው ተማሪዎች ናችሁ። «ኮድ ውስጥ ለምትጽፉት ነገር ስም ስትሰጡ አትቸኩሉ። ስም ያጣችሁለት ነገር ገና አልገባችሁም ማለት ነው» ይሉ ነበር። «ስህተቱን ደግማችሁ ማሳየት ሳትችሉ ጠገንኩት አትበሉ» ይሉም ነበር። ብዙ ነገር ባንዴ ለውጦ ግራ የገባው ተማሪ ሲመጣ፣ «አንዱን ለውጥ፣ ሞክረው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂድ» ብለው ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። ቁጡ አልነበሩም፤ ግን አያልፉም።

እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቀን፣ ጠዋት ራሳቸው ያስተካከሉትን ኮድ ከሰዓት በኋላ የሌላ ሰው ስህተት መስሏቸው አጠፉት። የአንድ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ያለ በቂ ነርስ ሊወጣ ሲል ባልደረባቸው ደረሰበት። ማንም አልተጎዳም። እርሳቸው ግን ቤት ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ «ዘርይሁን፣ ሰው ሳልጎዳ ልውጣ» አሏቸው ባለቤታቸውን። ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ወራት ቆይቶ በምርመራ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ መሆኑ ተነገራቸው። ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ።

ሐኪማቸው አዲስ ነገር መማር አእምሮን እንደሚያግዝ ነገሯቸው፤ እንደማያድን ግን አልደበቋቸውም። ወይዘሮ ውብአለም ሃስኬል የሚባለውን የፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መረጡ። ዕድሜ ልካቸውን ከለመዱት የተለየ ነበር። በዚህ ቋንቋ ለአንድ ስም አንዴ የተሰጠው ቁጥር ወይም ቃል በኋላ አይለወጥም፤ ብዙውንም ስህተት ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር ለጸሐፊው ይናገራል። ሆሣዕና፣ «ማሚ፣ ለምን ከባዱን መረጥሽ?» ብትላቸው፣ «ይኼኛው ስሳሳት እዚሁ ቤቴ ይነግረኛል። ሰው ላይ አይደርስም» አሏት።

አንድ ዓመት ያህል ሠመረላቸው። መድኃኒታቸውን የሚውጡበትን ሰዓት የሚያስታውስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። አቶ ዘርይሁን ባለቤታቸው የዳኑ መስሏቸው፣ ስለታቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

አልዳኑም። በየጠዋቱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደ አዲስ መጀመር ሆነ። ሆሣዕና ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አጠገባቸው እየተቀመጠች አብራቸው ተማረች። አንድ ቀን የገዛ ፕሮግራማቸውን ትክ ብለው አይተው፣ «ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«አንቺ ነሽኮ፣ ማሚ።»

«እኔ እንዲህ አልችልም» ብለው ኮምፒውተሩን በቀስታ ገፉት። ደግመው አልነኩትም።

እንግሊዝኛው ቀድሞ ጠፋ፤ ቀጥሎ የሰው ስም። ጸበሉም መድኃኒቱም አልመለሰላቸውም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በአረጋውያን መንከባከቢያ ሲያሳልፉ፣ አቶ ዘርይሁን በየቀኑ በአውቶቡስ እየሄዱ ምሳ ያጎርሷቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን «አንተ» ያሉትን ባላቸውን አንድ ቀን ቀና ብለው አዩና፣ «አንቱ፣ የማን ዘመድ ነዎት?» ሲሉ ጠየቁ፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። አቶ ዘርይሁን መጀመሪያ ላይ «ባልሽ ነኝ» ይሉ ነበር። ይህ መልስ እንደሚያስፈራቸው ሲያዩ ግን፣ «የጎረቤት ሰው ነኝ፣ እመቤቴ» እያሉ ማጉረሳቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻ መዋጥ አቃታቸው፤ ሳንባቸውም ታመመ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2025፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን ይዘው ሳለ፣ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አቶ ዘርይሁን ካሳዬ፣ ልጃቸው ሆሣዕና ዘርይሁንና ደሴ የሚኖሩት ወንድማቸው አቶ ሰብስቤ ተክለ ማርያም ከሐዘናቸው ጋር ቀርተዋል።

የምናጽናናበት ቃል አላገኘንም። ማን እንደሆንን ሳያውቁ ሄደዋል። ማንንም የማይረሳ አምላክ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል የሆነውን የእህታችንን ነፍስ ይቀበልልን፤ ባዶ ቤት ለሚገቡትም እርሱ ይድረስላቸው። አሜን።