እማንና መርዶዋን ይዤ

ሰኞ

ታመነን ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ቀበሩት። እኔ ቦንጋ ነኝ። እነሱ ሐዋሳ አፈር ሲያለብሱት እኔ የእማን ዓይን ጠብታ እየጨመርኩ ነበር።

ባለቤቴ ግርማ ደወለ። "አለቀ" አለኝ። "እሺ" ብዬ ዘጋሁት። እማ ከአልጋው ላይ "ማነው?" አለች። "ግርማ ነው፣ የመስክ ሥራው አላለቀም" አልኳት። ግርማ የሄደው ወንድሜን ሊቀብር ነው።

ታመነ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ነበር። ቅዳሜ ምሳውን በልቶ "ደረቴን" አለ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ይኸው ነው።

ያው ቅዳሜ ጠዋት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታሰረው የእማ የዓይን ፋሻ ተፈታ። የዓይን ሞራ ጋርዷት ሦስት ዓመት ጥላ ብቻ ስታይ ኖራ፣ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። "አንቺ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?" ብላ ሳቀች። እልል አልን። ከሰዓት በኋላ ያ ስልክ መጣ።

ማክሰኞ

የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ነርሷን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አግኝቼ ነገርኳት። "ቢያንስ እስከ ዓርብ ታገሺ። ማሸት የለም፣ ማጎንበስ የለም፣ ፊት መምታት የለም" አለች። የእኛ አገር እናት ልጇን እንዴት እንደምታለቅስ ታውቃለች።

አጎቴ ከእማ አገር ከደካ ደወለ። ዘመድ ተመካክሯል። መርዶው ዓርብ ንጋት ላይ ይነገራል፣ በገዛ ቤቷ፣ በወገኖቿ መሃል። "መንገድ ላይ እንዳትሰማ። አንቺ ብቻ አምጫት" አለኝ።

ብቻ አምጫት። ቀላል አድርጎት።

ጋሽ ከድር፣ ነጋዴው ጎረቤታችን፣ ደካ ላለው ሱቃቸው ዕቃ ይዘው ነገ በመኪናቸው ይወጣሉ። እውነቱን ነገርኳቸው። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ "ከፊት አስቀምጫት፤ አገሯን እያየች ትግባ" አሉ።

የያዝኩት፦ ጠብታው። የነርሷ ጥቁር መነጽር። የእማ ጋቢ። ከሻንጣው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የእኔ ጥቁር ቀሚስና የእሷ ጥቁር ሻሽ።

ረቡዕ፣ ቢታ ገነት

ከቦንጋ ስንወጣ ጫካው ገና ከጉሙ አልወጣም ነበር። እማ መስታወቱን አስወረደች። መነጽሩን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አንገቷን አወጣች።

"ቅጠሉ ለካ አንድ በአንድ ነው! እኔ እኮ አረንጓዴ ጨርቅ የሰቀሉ ይመስለኝ ነበር።"

ጋሽ ከድር ሳቁ። እኔም ከኋላ፣ ከሳሙና ካርቶኖች መሃል ሆኜ ሳቅሁ። መሳቄን ራሴ ሰማሁት።

እማ ያየቻቸው፦ ሁለት ጉሬዛ። ዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ። በሩን ቀይ ቀለም የቀባ ቤት ("ምን አስቦ ነው?")። የጋሽ ከድር የወርቅ ጥርስ። የእኔ ዓይን።

"ዓይንሽ ምን ሆኗል?"

"አቧራ ነው፣ እማ።"

ዝናብ ጥሎ እያደረ ምን አቧራ አለ? ጋሽ ከድር ቶሎ ብለው ስለ ቡና ለቀማ ጠየቋት። ወሬ ስትወድ! ልጅ ሳለች ማንኪራ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ቡና የለቀመችበትን ዘመን ተረከችላቸው። ሲደክማት በአገሯ ቋንቋ በካፊኖኖ እያንጎራጎረች መንገዱን ታያለች። ይህን ያህል ደስ ብሏት ያየኋት መቼ ነው? አላስታውስም።

ከቢታ ገነት ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል፣ ግሬደር ገብቷል አሉን። እዚሁ ማደራችን ነው። የተከራየነው አንድ ክፍል ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ ላልቅስ አልኩ። አልመጣልኝም። ደግሞ ዓይኔ ቢቀላ ታየዋለች። ድሮ ቢሆን አታየኝም ነበር።

ይህን በማሰቤ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ደካ

ደርሰናል። እማ ጋደም ብላለች። ቶሎ ልጻፈው።

መንገዱ ተከፈተና ጠዋት ተነሣን። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዳገት ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። እንሰቱ አለቀ፣ ቀርከሃው ጀመረ። ጉሙ ውስጥ ገብተን የመኪናው የፊት መብራት ብቻ ሲታየን ቆየና፣ ድንገት ከጉሙ በላይ ወጣን። ፀሐይ። ከተራራው ኋላ ተራራ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ፣ በመሃል ሸለቆው በሙሉ ነጭ። ጋሽ ከድር ሳይጠየቁ አቆሙ። እማ ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ተመለከተች።

እኔ ጥላሁን የተባለውን የታመነን ጓደኛ እያሰብኩ ነበር። ዓይኑን የከደነለት እሱ ነው አሉ።

ብርዱ ይቆርጣል። እማ ተመልሳ "ጋቢዬ የት ነው?" ብላ የሻንጣውን ዚፕ ሳበችው። "ቆይ እኔ ላውጣልሽ!" አልኩ። "እኔስ እጅ የለኝም?" ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። ጋሽ ከድር ካፖርታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። "እናቴ፣ ይኼን ይልበሱልኝ፤ እኔስ ሞቆኛል።" ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ይሰማል። መረቀቻቸው።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። "እዚህ ከፍታ ላይ ኔትወርክ አይጠፋም። ለታመነ ደውይልኝ። ማየቴን በራሴ አፍ ልንገረው።"

ምን ልበል? ደወልኩ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴትዮ ተናገረች። እማ የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ታውቃለች። ግን እየሳቀች መለሰችላት፦ "እሺ ልጄ፤ ሲመጣ እናትህ አየች በይልኝ።"

ጋሽ ከድር ጎማውን ልይ ብለው ከመኪናው ኋላ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው እርጥብ ነበር። እኔ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ "ሥራ ላይ ይሆናል" አልኳት።

ዓርብ

ገና ሳይነጋ መጡ። አጎቴ ከፊት፣ ከኋላው ጎረቤቱ፣ ቄሱ፣ የዕድሯ ሴቶች። እማ ነቅታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ፊታቸውን ካየች ሦስት ዓመቷ ነው። በስማቸው እየጠራች ተቀበለቻቸው።

"ይሄ ሁሉ ሰው ለዓይኔ ነው የመጣው?"

አጎቴ "እህቴ፣ ቁጭ በይ" አለና ነገራት።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ሴቶቹ ግራና ቀኝ እጇን ያዙ፣ ፊቷን እንዳትመታ። ስትዝል ዞራ እኔን ፈለገች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከቅዳሜ፣ እማ።"

"መንገዱን ሙሉ?"

"አዎ።"

"ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ ተራራ አሳየሽኝ። ሳቅሽልኝ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቅዳሜ

አታናግረኝም። ጠብታውን ጎረቤት ትጨምርላታለች። እኔ ስጠጋ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ለቀስተኛው ብዙ ነው። ወንበር አቀርባለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። ሰዎች "ጠንካራ ነሽ" ይሉኛል። አይደለሁም። አጎቴ "እኛ ያዘዝንሽን ነው ያደረግሽው" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ያን ተራራ ያሳየኋት እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም። ብነግራት ኖሮስ? ዓይኗ ቢጠፋስ? ሁለቱንም መልሼ መላልሼ አሰብኩት።

እሑድ

ግርማ ከሐዋሳ ገባ። እማ አጠገቧ አስቀምጣ ሁሉንም ጠየቀችው። ማን አጠበው? ማን ገነዘው? ዝናብ ነበር? ሰው ነበር? ግርማ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ሰው ብዙ እንደነበር፣ የሥራ ጓደኞቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተው እንደቆሙ። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው።

"እህቱስ?" አለችው። "የእኔዋስ የት ነበረች?"

"እርስዎ ጋር ነበረች፣ እማማ። አልቀበረችውም።"

እኔ በሩ ጋ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ነበር። እማ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ።

"አስቴር። አንቺ እስከ ዛሬ አላለቀስሽም?"

ብርጭቆዎቹን እንደያዝኩ ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

"ያን ሁሉ መንገድ? አንድ ጊዜም?" ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። "ነይ። እዚህ ነይ፣ የእኔ ልጅ።"

ብርጭቆዎቹን የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ የወንድሜን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ከላይ ሆና ጠራችው። ማንም አላስቆመንም።

ሲወጣልኝ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። አንድ ሳህን ቆጮ አስመጣችና "ብዪ" አለች።

በላሁ።