ከግድግዳው ማዶ የሰጠሁት እርማት

ባሕር ዳር
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፅጌ ማርያም፣

ጅግጅጋ ላይ ፀሐዩ እንዳይጎዳሽ አምላክ ጥላ ይሁንሽ። የሆስፒታሉ ሥራ እንደበዛብሽ እናትሽ ነግራኛለች። እኛ ደኅና ነን። ሐይቁ እስከ ደንገሉ ወገብ ሞልቷል።

"ከወንድሜ ጋር ተነጋገራችሁ ወይ?" ብለሽ ለጠየቅሽው መልሱ ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

አማኑኤል የድጓ ትምህርቱን አቋርጦ ጊታር ከያዘ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እናትሽ በመካከላችን ፖስተኛ ነበረች። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን "ጨዉን ያቀብለኝ በይው" እላታለሁ፤ "ከፊታቸው ነው በያቸው" ይላታል።

ከነሐሴ ጀምሮ ያንቺን ክፍል ይዞ የመጀመሪያ አልበሙን ሲቀርጽ ከረመ። ሮክ የሚሉት ነው። ፍራሽሽን መስኮቱ ላይ አቁሞ፣ ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቅሎ ገባ። አንድ ቀን ድራም እሰማለሁ፣ በማግሥቱ ጊታር፣ ደግሞ ሌላ ቀን የሰው ድምፅ በሦስት ዓይነት። እንግዳ መጣ ብዬ በሩ ላይ ጫማ አያለሁ፤ የእሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ከነከነኝ። እኛ ዘንድ ቀኝ ሲመራ ግራ ይቀበላል፤ ተቀባይ ያጣ መሪ ምን ቢያምር ማኅሌት አይቆምም። አንድ ሰው ከራሱ ጋር እንዴት ይቀባበላል? ልጠይቀው ፈለግሁ፤ በእናትሽ በኩል የሚጠየቅ ነገር ግን አልነበረም።

ያለፈው ቅዳሜ ጧት አንዲት ስንኝ ይዞ ይመላለስባት ጀመር። መጨረሻዋ ላይ ድምፁን ያነሣል፤ ያቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። አሥራ አንድ ጊዜ ሰማሁት። ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማረ ሰው ተማሪ ሲሳሳት እየሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። ግድግዳውን በመቋሚያዬ መትቼ "አይደለም! መጨረሻዋን ዝቅ አድርጋት እንጂ አታንሣት!" ብዬ፣ በዜማዋ አወረድሁለት።

ቀጥሎ እንደሰጠሁት አድርጎ አወረዳት። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

"አባባ፣ ተቀረጹ እኮ።"

"አጥፋው።"

"አጠፋዋለሁ። መጀመሪያ ይስሙት።"

ገባሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

"ድራሙን ማን መታው?" አልሁት።

"እኔ፣ ማክሰኞ።"

"ይኼን ወፍራሙን ክርስ?"

"እሱም እኔ፣ ሐሙስ።"

"ታዲያ የማክሰኞው አንተ የሐሙሱን አንተ በምን አወቀው?"

ሳቀ። "አያውቀውም። ይመጣል ብሎ ቦታ ይተውለታል።"

ከዚያ ሳቁን ተወ። "ዘጠኙንም ዘፈን ብቻዬን ነው የሠራሁት። ከእርስዎ ጩኸት በቀር የሌላ ሰው ድምፅ የለበትም። ቢፈቅዱልኝ እዚያው እንዲኖር እፈልጋለሁ። አልበሙን ዓርብ አስረክባለሁ።"

መሪጌታው ከጊታር ጋር ዘመሩ ቢባል በደብሩ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ። ዜማ የማስተምርበትን ጉባኤዬን ያሳጣኝ ይሆናል። ሁለት ቀን ሙሉ ሐይቁ ዳር እየተመላለስሁ አሰብሁበት። ትናንት ጧት በሩን አንኳኳሁ።

"ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ነበር" አልሁት። "ከተቀረጸ አይቀር ጉሮሮዬ በጠራበት ይቀረጽ።"

"ጉንፋኑ ይሻላል።"

"መሪጌታው አንተ ነህ?"

"በዚህ ክፍል፣ አዎን።"

የምቆምበትን አሳየኝ። አንዴ አልሁለት፤ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ጊዜ አረመኝ። በአራተኛው "አይደለም አባባ፣ ቆጣ ይበሉ እንጂ" አለኝ። ልቆጣ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።

ስለዚህ የቅዳሜው እንዲኖር ፈቀድሁ። ለደብሩ የሚሰጠውን መልስ እኔው እሰጣለሁ።

የአባቶችሽ ጸሎት መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን።

አባትሽ
መሪጌታ ገብረ ሕይወት