እኔ ሳልሮጥ የሮጠው ሰዓቴ

ጥር 6
ስምንት ኪሎ ሜትር፣ አርባ ዘጠኝ ደቂቃ። የሩጫ ጓደኛዬ ፋርማሲስቱ አርባ ስምንት ከሃምሳ! በአሥር ሰከንድ በለጠኝና ቡድናችን ውጤት በሚለጥፍበት የስልክ ገጽ ላይ ሳቁን ደረደረው። እኔም ንድድ ብሎኝ ከውጤቴ ሥር «ነፋስ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ወዲያው መለሱ፦ «የጥር ሰበብህ ተመዝግቧል።»

ጋሼ አሰልጣኛችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ። ሁላችንም በየሰፈራችን እንሮጣለን፣ እሁድ እሁድ ውጤት እንለጥፋለን፣ ሰበብ የሚፈቀደው ግን በወር አንድ ብቻ ነው። የኔን ለነፋስ አባከንኩት። ነፋሱ ደግሞ ለፋርማሲስቱም ነፍሷል…

ጥር 9
ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግራ ተረከዜን ሚስማር የወጋኝ መሰለኝ። እያነከስኩ ቁርስ ቀረብኩ።
«ምን ሆነሃል?» አለች ባለቤቴ።
«ምንም።»
«ምንም እንዲህ ያስነክሳል?»

ጥር 11
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የልጄ እኩያ ናት። ተረከዜን በአውራ ጣቷ ተጭና አስጮኸችኝ። ውስጥ እግሬ ያለው ጅማት ተቆጥቷል። ስድስት ሳምንት ሩጫ የለም። በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ከእግሬ ሥር ማንከባለል፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ አለቀ።
«አምስት ሳምንት አይበቃም?»
«አባባ፣ ገበያ አይደለም እኮ!»
አባባ! ከተረከዜ ይልቅ እሱ አመመኝ።

የጎዳና ዱላ ቅብብሉ የካቲት 18 ነው። አራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አምስት ኪሎ ሜትር። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከዚህ በፊት ለምንም ነገር ተመርጬ አላውቅም። ሁለት እሁድ ውጤት ያልለጠፈ ደግሞ ከአራቱ ይወጣል… ሰበብ እንዳላቀርብ ሰበቤ አልቋል። ምን ይሻላል?

ጥር 13
አደረግኩት። ባለቤቴ እሁድ ጠዋት እህቷ ቤት በእግሯ ትሄዳለች፣ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ሩጫ የሚመዘግበውን ሰዓቴን አሰርኩላት።
«ይሄ ማጭበርበር ነው» አለች።
«ሰዓቱ የኔ ነው።»
«እግሩስ?»
ሃምሳ አምስት ደቂቃ። ለጠፍኩት። ፋርማሲስቱ፦ «ወንድሜ፣ በጎች እየነዳህ ነው የሮጥከው?»

ጥር 20
«ትንሽ ፈጠን ብትዪስ?» አልኳት። አርባ ደቂቃ! ሆቴል ውስጥ የክፍሎች ተቆጣጣሪ ናት፣ ቀኑን ሙሉ አምስት ፎቅ ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም?

ጥር 27
ሠላሳ አራት። እኔ የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንጨት ስልግ፣ እሷ ለካ ከሥራ በፊት በየቀኑ ለሩጫ ወጣ ትላለች። የስፖርት ጫማ ገዝታለች። አላማከረችኝም።

የካቲት 4
በላብ ተጠምቃ ገባች። «ሰዓትህ ሳይበላሽ አይቀርም፣ ሠላሳ ደቂቃ ከሃያ ይላል!» አለችና ሳቀች።
አልተበላሸም። እኔ በሕይወቴ አምስት ኪሎ ሜትር በዚያ ፍጥነት ሮጬ አላውቅም።
ገጹ ጉድ ሆነ። ፋርማሲስቱ፦ «ምን እየወሰድክ እንደሆነ ንገረኝ፣ ለደንበኞቼ ላቅርብላቸው።» ጋሼ፦ «የመጨረሻውን ዙር አንተ ትሮጣለህ።»
ቀናሁ። በገዛ ሚስቴ። ጻፍኩት እንግዲህ።

የካቲት 8
ጋሼ ለእሁድ አራታችንንም ሜዳ ጠርተዋል፣ ዱላ መቀባበል ልንለማመድ። አዲስ ወር ገብቷል፣ ሰበብ አለኝ። ግን ለየትኛው ውሸት ይበቃል?
«ንገራቸው» አለች ባለቤቴ። «እኔ የራሴን እፈልጋለሁ።»
«ምኑን? ሰዓት?»
«ውጤቴን።»
አራት እሁድ ሙሉ ሰው «ጎበዝ» ሲለኝ አጠገቤ ተቀምጣ ታነብ ነበር። አንድም ቀን እሷን ጎበዝ ብያት አላውቅም። አፈርኩ።

የካቲት 11
ነገርኳቸው። እያነከስኩ ሜዳው መሃል ገባሁና ሁሉንም ዘከዘክኩት። ፋርማሲስቱ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።
«ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ» አሉ። «የቤት ሥራውን ሚስቱ የሠራችለት ተማሪ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»
ከዚያ አብራኝ መጥታ የሜዳው በር ላይ ወደቆመችው ባለቤቴ ዞሩ። «ወይዘሮ፣ በሠላሳ ደቂቃ የሮጡት እርስዎ ነዎት?»
«እኔ ነኝ።»
«የሚመጣው እሁድ ሥራ አለዎት?»
እኔን አየችኝ። «ደስ ይለኛል» አልኩ። ውሸት ነው።

የካቲት 18
አሥራ አንደኛ። ከአርባ ቡድን! ፋርማሲስቱ ዱላውን ሲያቀብላት ከእጁ ሊያመልጠው ነበር፣ በእሱም የሚሳቅበት ነገር ተገኘ። እሷ፣ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሰከንድ። ዳር ቆሜ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ፣ አሁን ሻይ በማር እየጠጣሁ ነው የምጽፈው። ቅናቱ አልጠፋም፣ ከኩራቱ ጋር እየተጋፋ ነው። ውጤቷ በስሟ ተለጠፈ። ስልኬን አንስታ ሦስት ጊዜ አየችው… ያላየሁ መሰልኩ።

የካቲት 25
ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት ኪሎ ሜትር ፈቀደችልኝ፣ «ቀስ ብለው፣ አባባ።» ለምጄዋለሁ።
አብረን ወጣን። በሩ ላይ «ልጠብቅህ?» አለች።
«ሂጂ።»
ሁለቴ አላስለመነችኝም። ማዕዘኑ ላይ ስትታጠፍ ጀርባዋን አየሁ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ እኔና ተረከዜ ብቻ ቀረን። የዳቦ ፌስታል የያዙ አሮጊት ሳይቀሩ ሊያልፉኝ ነበር።
ሁለት ኪሎ ሜትር፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ። ለጠፍኩት። ከሁሉም ሥር ነው ያለሁት፣ እሷ ከላይ ሦስተኛ ናት።
እኔው ሮጬዋለሁ።