የልጄን ድርሰት ስላመኑልኝ የቀረበ ምስጋና

ረሆቮት፣ ሰኔ 2016 በፈረንጆች አቆጣጠር

ለክብርት ርዕሰ መምህርት
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ እንዴት ከረመ? ልጆችዎ በየአልጋቸው ተኝተው በየአልጋቸው እንዲነቁ ከልብ እመኝልዎታለሁ። ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ምኞት ሊመስል ይችላል፤ እኛ ቤት ግን ከመጋቢት ወዲህ ከዚህ የሚበልጥ ምኞት አይታወቅም።

እኔ ይታየሽ እባላለሁ። ሄርዝል ጎዳና ላይ፣ ከፋርማሲው ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ሱሪ የማሳጥርና ዚፕ የምቀይር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ አለልኝ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጃችን ሊኖይ እርስዎ በሚመሩት ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በስሟ ባያስታውሷት በፋይል ቁጥሯ እንደሚያስታውሷት አልጠራጠርም።

ይህን ደብዳቤ በዕብራይስጥ ያልጻፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ትምህርት ቤትዎ ልጄ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን እንደ ፈቀደ ስለተረዳው፣ እኔም በአማርኛ የጻፍኩትን እርስዎ እንደ ፈቀዱ እንዲረዱት መብትዎን ልጠብቅልዎ ብዬ ነው። ካስፈለገም በእናንተና በእኛ መካከል ድልድይ እንዲሆን የቀጠራችሁት አስተርጓሚ፣ አቶ ቢራራ፣ ይህ ደብዳቤ ከሚታተምበት ከኢትዮጵያውያን ማኅበር ጋዜጣ ላይ አንብቦ ይተረጉምልዎታል። በመጋቢትም እዚያው ቢሮው ውስጥ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፉ አመሰግናለሁ። የእንግሊዝኛ መምህሯ ዓዲ ለክፍሉ የሰጠችው ልብ ወለድ ከተጻፈ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል አሉ። ባለታሪኳ እናትና አባቷ የሞቱባት፣ የወፍጮ ባለቤት በሆነ አጎቷ ቤት የምታድግ ልጅ ናት። ሊኖይ ማታ ማታ ራት ላይ እንግሊዝኛውን በዕብራይስጥ፣ ዕብራይስጡን በአማርኛ እየገለበጠች ታነብልን ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ ስመጣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም።

ያቺ ልጅ፣ ክብርት ሆይ፣ አስቸጋሪ ልጅ ናት። የአጎቷ ሚስት ስለምትበላው ዳቦ አመስግኚ ስትላት ታመሰግናለች፤ ስለ ዳቦው ብለሽ ያላጠፋሽውን አጠፋሁ በይ ስትላት ግን እምቢ ትላለች። በዚህም ዕቃ ቤት ተቆልፎባት ታድራለች። ካደገች በኋላም የሀብታም ልጅ ላግባሽ ብሏት፣ እምቢ ብላ አንዲት ሣጥን ይዛ በዝናብ ከአጎቷ ቤት ትወጣለች። እኔ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ በጣም ተናደድኩ። «ቤት ያለው፣ እጁን የማያነሳ ሰው! ምን ጎደለባት?» አልኩ።

ሊኖይ ሳቀችና «እማ፣ መቼ ጠየቃት? ነገራት እንጂ» አለችኝ።

አለልኝ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ተይ ይታየሽ፣ ልጅቷ ልክ ናት። የሰው ቤት ቢሰፋም የሰው ቤት ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ የሚጠይቀው «ያቺ ልጅ ዛሬ ምን አደረገች?» ብሎ ነበር። ሴት ልጅ አንገቷን ሳትደፋ ልትኖር እንደምትችል ከእኔ ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው። ይህን ያነሳሁት፣ በኋላ ስለ እሱ የጻፋችሁትን ሳነብ የትኛው አለልኝ እንደሆነ ለመለየት ስለተቸገርኩ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቤት ሥራው አመሰግናለሁ። መምህርት ዓዲ ለወሊድ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት ለሃያ ሰባት ተማሪዎች አንድ ሥራ ሰጠች፤ ባለታሪኳ ዕቃ ቤት በተቆለፈባት ዕለት የዕለት ማስታወሻ ብትይዝ ኖሮ ምን ትጽፍ እንደነበር በእሷ አንደበት አንድ ገጽ እንዲጽፉ። ሃያ ሰባቱም ጻፉ። ሃያ ሰባቱም ገጾች በአንድ ማህደር ውስጥ ተቀመጡ። ከሀብታሞቹ መንደር ከመዝከረት ባትያ የምትመጣው፣ አባቷ ሐኪም የሆነው የሊኖይ ጓደኛ፣ በቀበቶ እንደተገረፈች ጻፈች፤ ተተኪዋ መምህርት ዘጠና አምስት ሰጠቻትና ከጎኑ «እንዴት ያለ ሕያው ምናብ ነው!» ብላ አሰፈረች። የእኔ ልጅ፣ አጎትየውን «እሱ» ብቻ እያለች፣ ቁልፉን ኪሱ እንደ ከተተ፣ የጣሪያውን ሳንቃ ስትቆጥር እንደ ዋለች፣ ማንም «ምን ሆነሽ?» ብሎ እንዳልጠየቃት ጻፈች። እሷ ነጥብ አልተሰጣትም። የእሷ ገጽ ብቻውን ከማህደሩ ወጥቶ ወደ አማካሪዋ ወደ ወይዘሮ ኬረን ቢሮ ሄደ።

ሃያ ስድስቱ ልጆች ደራሲ ሲሆኑ የእኔዋ ምስክር ሆነች። ጽሑፏ ከሁሉ በላይ እውነት መስሎ በመታየቱ እንደ እናት ሊሰማኝ የሚገባውን ኩራት እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። የሊኖይን መነጽር ለመተካት ከትምህርት ቤትዎ አንድ የድጋፍ ወረቀት ለማግኘት አምስት ወር ጠብቄ ስለማውቅ፣ ጽሑፉ ሰኞ ተነቦ ልጄ ማክሰኞ ጠዋት ከክፍል መወሰዷ ደንቆኛል። ወይዘሮ ኬረን በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ቤሰደር ነው፣ ሁሉ ሰላም ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሊኖይ «አዎ» አለች። ወይዘሮዋም «እንዲህ ዓይነት ቤት ያሉ ልጆች ሁልጊዜ አዎ ነው የሚሉት» ብላ ጻፈች። ልጄ የቤት ሥራ መሆኑን ተናገረች፤ «መሸሸጊያ ምክንያት እያቀረበች ነው» ተብሎ ተጻፈ። እናቴን ልደውልላት አለች፤ «እናቷን ትፈራለች» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋም ተጻፈ።

እኔ የሰማሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። አንድ ወታደር ሱሪውን ለብሶ ወንበር ላይ ቆሞ፣ እኔ ከእግሩ ሥር ተንበርክኬ መርፌ እየሰካሁ ስልኩ ጮኸ። አንዲት የማላውቃት ሴት ልጄ ከረሆቮት ውጭ ባለ የአስቸኳይ መጠለያ እንደምትገኝ፣ የት እንደሆነ ልትነግረኝ እንደማትችል፣ እንዳልጨነቅም ነገረችኝ። መርፌውን የት እንደ ሰካሁት አላውቅም፤ ወታደሩ «አይዞሽ፣ አላመመኝም» ሲለኝ ነው ያየሁት። በዚያው ሰዓት አለልኝን ሁለት ፖሊሶች ተሳፋሪዎቹ ፊት ከመሪው አስነሱት። ለሰባት ሰዓት ያህል አንድ ጥያቄ ብቻ እያፈራረቁ ጠየቁት፤ «ቁልፉ የት ነው?»

በክፋር ማርሞሬክ ሠፈር የተከራየነው ቤት ሦስት ክፍል ነው። ዕቃ ቤት የለውም። ከውጭው በር በቀር አንድም በር ቁልፍ የለውም። ይህን ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ቤቱ በዘጠነኛው ቀን እንዲታይ ያዝዛል አሉን፤ እኛም ሥርዓት አክባሪዎች ነን።

መምህርት ዓዲ ነገሩን በሦስተኛው ቀን ሰምታ፣ አራስ ሆና ትምህርት ቤታችሁ ደውላ፣ ሥራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብላ ነበር። ማስታወሻው በፋይሉ ውስጥ አለ፤ «መምህርቷ ፈቃድ ላይ ናት» ይላል እንጂ የተናገረችውን አይልም።

አራተኛውን ምስጋና ለብቻው ማቅረብ የምፈልገው በሰባተኛው ቀን ስለተደረገው ስብሰባ ነው። እርስዎም በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ነበር። አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የእኛ ባህል አባቶች ልጅን በመቅጣት እንደሚያምኑ፣ እኔም ባለማወቅ እየሸፈንኩ ሊሆን እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔ ወረቀቱን አሳዩኝ አልኩ። «እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?» አሉኝ። አላነብም። ቢሆንም የልጄ እጅ ጽሑፍ ነውና ሰጡኝ።

ከላይ እስከ ታች አየሁት። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። በገጹ አናት፣ በቀኝ በኩል፣ ልጄ ቀኑን ጽፋ ነበር፤ የካቲት 9፣ 1846።

ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ ወረቀቱን ወደ እርስዎ ገፋሁት። «ልጄ የተወለደችው መቼ ነው?» አልኩ። ያቺ ሠራተኛ መነጽሯን አወለቀች። ወይዘሮ ኬረን ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ምናልባት ተሳስታ ይሆናል» አለች። ክብርት ሆይ፣ እርስዎ በዚያች ቅጽበት ሰዓትዎን አዩ፤ አስታውሳለሁ። ልጄ ከዚያ በኋላም አራት ቀን እዚያው አደረች፤ ፊርማ የሚፈርመው ሰው በዓል ላይ ስለነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰች። ከመኪናው ስትወርድ አለልኝ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና መሐል ላይ አቆመው። ከዚያ እጆቹን ኪሱ ከተተ። እሷ ናት ሄዳ ያቀፈችው። እሱ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስላቀረባችሁልን ዕርቅ ነው። በግንቦት ቢሮዎ ጠሩን። ሊኖይ ከመጋቢት ወዲህ ወዳስወጣችኋት ከፍተኛ የእንግሊዝኛ ክፍል እንደምትመለስ፣ በዓመቱ መዝጊያም የሥነ ጽሑፍ ሽልማት እንደሚሰጣት ነገሩን። ሽልማቱ ለየትኛው ጽሑፏ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በምላሹ የምትፈርመው አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች፤ የጽሑፏ አገላለጽ ለስሕተት የሚዳርግ እንደ ነበረ፣ ትምህርት ቤቱም በተገቢው መንገድ እንደ ተንከባከባት የምትገልጽ።

እዚህ ላይ እርስዎን ብቻ ልወቅስ አልችልም፤ የራሴንም ልናገር። እኔ ፈርሚ አልኳት። ፈርቼ ነበር። ልጅ የሚወስዱት እነዚያ መኪናዎች የሚመጡበትን መንገድ አሁን አውቀዋለሁ። በአማርኛ፣ እርስዎ እንዳይሰሙ፣ «ልጄ፣ ፈርሚላቸውና ይልቀቁን። ቀለም ነው፣ ምን ያደርግሻል?» አልኳት።

ሊኖይ እስክሪብቶውን ወደ እርስዎ መልሳ አስቀመጠች። እኔን በአማርኛ «እማ፣ እኔ ከፈረምኩ እኮ አባ ቆልፎብኝ ነበር ማለት ነው» አለችኝ። ለእርስዎ ደግሞ በዕብራይስጥ «ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ፤ አልፈርምም» ብላ ተነሳች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ በሩንም ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። እኔ ወንበሩ ላይ ቀርቼ ነበር። አንዲት ሴት እንዲህ ስትወጣ በመጽሐፍ ስሰማ ተናድጄ ነበር፤ በዓይኔ ሳይ ግን ተነስቼ ተከተልኳት።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ካላሳወቋችሁ፣ እነሆ። ሊኖይ በመስከረም ሌላ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ትጀምራለች፤ ሁለት አውቶቡስ ትይዛለች። የእንግሊዝኛውን ባግሩት፣ የማትሪክ ፈተናውን፣ ግን ለብቻዋ ተመዝግባ ተፈትናለች፤ መምህርት ዓዲ ሕፃኗን እያጠባች ሱቄ ውስጥ አስጠናቻት። የአለልኝ ፋይል ተዘግቷል። የተዘጋው «በማስረጃ ማነስ» ነው እንጂ «ጥፋት ባለመኖሩ» አይደለም፤ ልዩነቱን የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ አስረዳው፣ ተማሪዎች ከሚሳፈሩበት መስመርም አነሳው። አንድ ዓርብ ጠዋት ከሱቅ ስመለስ የቤቱን የውስጥ በሮች ሁሉ ከማጠፊያቸው ፈትቶ በረንዳ ላይ ደርድሯቸው አገኘሁት። የመታጠቢያ ቤቱን ብቻ ለምኜ አስመለስኩት። ሊኖይ መኝታዋ ላይ መጋረጃ ሰቀለች። አባቷ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ ያናግራታል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ስለዚያች የመጽሐፍ ልጅም ከዚያ ወዲህ ጠይቆ አያውቅም፤ መጽሐፉ የት ላይ እንደቆመ ሦስታችንም እናውቃለን፣ ማንም አይገልጠውም።

እንግዲህ ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ የሥራዎን ብዛት እያወቅሁ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሴት ልጆቻችን ቀና ብለው እንዲናገሩ የሚያስተምር መጽሐፍ በመምረጣችሁ፣ ቀና ብለው ሲናገሩም ምን እንደሚጠብቃቸው በተግባር በማሳየታችሁ፣ ትምህርቱ የተሟላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሳትጠይቃችሁ ልጇን አሥራ አንድ ቀን ያሳደጋችሁላት፣
ውለታችሁንም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የማትረሳው፣
ይታየሽ፣ የሊኖይ እናት

ማስታወሻ፦ ከሊኖይ በታች ኦሬል የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከመዋዕለ ሕፃናት ባዶ ወረቀት ይዛ መጣች። ቤተሰባችሁን ሳሉ ተብለው ሌሎቹ ሁሉ ስለው ሰጥተዋል፤ እሷ ግን ቤት ወስጄ ልሥራው ብላ አስፈቅዳለች። ቀለሞቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ብዙ ተቀመጠችና ቀና ብላ ጠየቀችኝ፤ «እማ፣ ምን ብስል ነው የማይመጡት?» መልሱን እርስዎ ያውቁት ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።