በቁርስ ገበታዎ ላይ ስለተቀመጠችው ሟች

ለክቡር ሰር ሂውበርት ካርስዌል፣
የዊንደርሌይ ጥንታዊ ቤትና የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ የመንደሩም ምክር ቤት ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ ከእንግዶችዎ ይልቅ ለምድጃው ቀርበው የሚተኙት ሁለቱ ውሾችዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ባለፈው ወር እናቴን ሜቪስን ለዘጠናኛ ልደቷ ወደ ቤትዎ ይዣት በመጣሁ ጊዜ ስላደረጉልን መስተንግዶ በግል ባመሰግንዎ ውለታዎን ማሳነስ ስለሚሆንብኝ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በጋዜጣ ማመስገኑን መርጫለሁ።

እናቴ በልጅነቷ በዚያ ቤት ገረድ ነበረች። በጓሮ በር ስትገባና ስትወጣ ስለኖረች፣ ምኞቷ አንዴ በዋናው በር ገብታ፣ ሙቅ ውሃ ተሸክማ ትገባበት በነበረው ክፍል አንድ ሌሊት ማደር ብቻ ነበር።

አንደኛ፣ ስለዚሁ ክፍል። ንጉሥ አድሮበታል የተባለው ባለ አራት ምሰሶ አልጋ በእርግጥም ታሪካዊ ነው፤ ፍራሹ ከንጉሡ ወዲህ እንዳልተገላበጠ ጎኔ ይመሰክራል። መስኮቱ ለምን እንደማይዘጋ ክብርት ባለቤትዎን ብጠይቃቸው፣ «ቅርስ ነው እኮ የኔ እመቤት፣ መንካት ክልክል ነው» ብለው ስላስተማሩኝ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ ታሪክን ሳከብር አድሬአለሁ።

ሁለተኛ፣ የተጠበሰው ዳቦ በብር መደርደሪያ ላይ በክብር ቆሞ፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ስለመቅረቡ። ይህንን ትቼዋለሁ። እኛ እንግሊዞች በቀዘቀዘ ዳቦ ተጣልተን አናውቅም።

ሦስተኛውን ግን አልተውም። እርስዎ እጅዎን ወደኋላ አጣምረው፣ ለቁርስ ለተሰበሰብነው ሁሉ የቤቱን የሙት መንፈስ ታሪክ አወሩልን። «ሜቪስ የምትባል ገረድ ነበረች። አባቴን ወደደችው፤ እሱ ግን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ምስኪን! ኩሬው ውስጥ ገብታ ሞተች። ዛሬም ከነእርጥብ ቀሚሷ ደረጃው ላይ ትታያለች» አሉ። አንዷ ሴትዮ ደስ ብሏት ባሏን ቆነጠጠችው። እናቴ እንቁላሏን እየበላች ነበር።

ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «ስማኝ ልጄ፣ ሜቪስ እኔ ነኝ» አለችዎት። «ኩሬ አልገባሁም፤ አውቶቡስ ነው የገባሁት። አባትህንም አልወደድኩትም። እጁ አላርፍ ቢል በመዳቡ የውሃ መቅጃ ግንባሩን ብዬው ሄድኩ። ያ የጦር ሜዳ ቁስል የምትሉት ጠባሳ የእኔ ሥራ ነው።» ይህን ስትል ከምድጃው በላይ ወደተሰቀለው የአባትዎ ሥዕል እየጠቆመች ነበር።

ክቡርነትዎ ያን ጊዜ ይቅርታ ቢጠይቁ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። እርስዎ ግን፣ «እማማ ቀልደኛ ናቸው!» ብለው ሳቁ። ኋላም እኔን ኮሪደር ላይ ጠብቀው፣ እናቴ ክንዴን ይዛ ቆማ እየሰማችዎት፣ «እባክሽ፣ ለሌላ እንግዳ እንዳይደግሙት ንገሪያቸው። ሰው የሚመጣው ለመንፈሷ ነው። እንደሞቱ ቢቆዩልን ምን ይጎዳቸዋል?» አሉኝ።

ምን እንደሚጎዳት ልንገርዎ። እናቴ አባቴ የሞተ ዕለት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ያን ቀን ግን መኪናው ውስጥ፣ «አራት ልጅ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ የስንቱን ልጅ በትምህርት ቤት ኩሽና አበላሁ። እዚያ ቤት ግን ለዚያ ባለጌ ብዬ የሞትኩ ነኝ» እያለች ቤታችን እስክንደርስ አለቀሰች። ከልቤ ጠላሁዎት፤ ይህንን በትሕትና ብሸፋፍነው ውሸታም እሆናለሁ።

ስለዚህ የእናቴን ስም ከወሬዎ እንዲያወጡልኝ እለምናለሁ። ቤቱ ያለ መንፈስ አያድርም ካሉም ክቡር አባትዎን ይሹሙበት። እሳቸው በእርግጥ ሞተዋል፤ በሌሊት በሴቶች በር መዞሩንም በሕይወት ሳሉ ጠንቅቀው ስለለመዱት ለሥራው አዲስ አይሆኑም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመስኮትዎ መዝጊያን፣ ለአባትዎም ነፍስ የእጃቸውን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

የሟችዎ የመጀመሪያ ልጅ፣
ግሌኒስ ቶፕሊስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእኛ ወዲህ ለሚመጡ እንግዶች፣ «መንፈሷ በቅርቡ አርጅታ ቁርስ ቤት ታየች፤ ምስክርም አለ» እያሉ እንደሚያወሩ ሰምተናል። እናቴም ሰምታለች። በመሆኑም ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከግቢዎ በር ፊት ለፊት፣ በሕዝቡ መንገድ ዳር፣ ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ ሻይዋን በቴርሞስ ይዛ ትቀመጣለች። የሚገባም የሚወጣም እንግዳ ሁሉ እጇን ቢጨብጣት ፈቃዷ ነው። እጇ ሞቃት ነው።